የሚጥለው ውሻ፦ ፌኖባርቢታል እንዴት ይሰጣል?

ውሻ ወድቆ ሲንፈራገጥ ክብሪት ማሽተትም ሆነ አፉ ውስጥ ማንኪያ መክተት አይጠቅመውም። ምላሱን አይውጥም፤ እጁን የሚከት ሰው ግን ይነከሳል። ጅማ ላይ ያልተከተበ ውሻ እንዲህ ሲሆን አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ አትንኩት፣ ሐኪም ጥሩ። መርዝ የበላም ይንፈራገጣል፤ ቡና በብዛት የቆረጠመም እንዲሁ። የእነዚህ ሕክምና ሌላ ነው።

መጣሉን የሚከላከለው ዕለታዊ መድኃኒት፣ ፌኖባርቢታል፣ የሚጀመረው ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ፣ በስድስት ወር ሁለቴና ከዚያ በላይ ለጣለው ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ለደጋገመበት ነው። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ባለበት ከተማ በግምት መጀመር ያሳዝናል፤ ሐኪም ይዘዘው። ለሰው የሚጥል በሽታ የሚታዘዘው ፌኒቶይን ለውሻ አይሆንም፤ ሰውነቱ ቶሎ ያስወግደዋል። ፌኖባርቢታል ግን ይሠራል። የተለመደው መነሻ በየ12 ሰዓቱ በኪሎ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ግራም ነው። 12 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ በ2.5 ሲሰላ 30 ሚሊ ግራም ይመጣል፤ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት። ለክብደቱ ውሻውን ታቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡና የራሳችሁን ቀንሱ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይደነዝዛል፣ የኋላ እግሩ ይንገዳገዳል፣ ውኃ ያበዛል፣ ሽንቱም ይበዛል፣ ምግብ አይበቃውም። ብዙ ባለቤቶች «አልተስማማውም» ብለው የሚተዉት እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ደም ውስጥ መጠኑ የሚረጋው ግን ገና ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ድንዛዜውም ያኔ ይቀንሳል። ሌሎች ደግሞ «ዳነ» ብለው ያቋርጡታል፤ ይሄ የባሰ ነው። በድንገት የተቋረጠ ፌኖባርቢታል የማያቆም መንፈራገጥ አምጥቶ ሊገድል ይችላል። እባካችሁ፣ ቢያንስ የአሥር ቀን እንክብል ሲቀር ግዙ፣ በተለይ በዓል ሲቃረብ። ሰዓት ካለፈ እንዳስታወሳችሁ ስጡ፤ ደርባችሁ ግን አትስጡ።

ጉበቱ በየስድስት ወሩ ይመርመር። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ካስመለሰው ወይም ሆዱ ከተነፋ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ።

ድመትም ፌኖባርቢታል ትወስዳለች። ከሌሎቹ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ፖታሲየም ብሮማይድ ሳንባዋን፣ የሚዋጥ ዳያዜፓም ጉበቷን ሊጎዳ ስለሚችል ሁለቱም ይቅሩባት።

ውሻው ከ5 ደቂቃ በላይ ከተንፈራገጠ ድንገተኛ ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ ዳያዜፓም ካዘዘላችሁ፣ መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ በፊንጢጣ ይሰጣል፤ በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ቢያዝ፣ በሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ካለው አምፑል ለ12 ኪሎ ውሻ 2.4 ሚሊ ሊትር ነው። ቀድማችሁ ሲሪንጅ ውስጥ አታስቀምጡት፤ ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ስለሚመጥጠው ኃይሉ ይቀንሳል። አምፑሉ ከነካርቶኑ ጨለማ ቦታ ይቆይ፣ ሲሪንጁም አጠገቡ።