ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ ፒኮክ፣ ወንዙን ተከትለን

ባለፈው እሁድ አጎቴ ከመተሃራ መጥተው ነበር። ጋሼ እድሜያቸውን ሙሉ በአዋሽ ውሃ መስኖ ሲያጠጡ የኖሩ ሰው ናቸው፣ እና እኔ ሙዚየም ምናምን ላሳያቸው አስቤ ነበር እሳቸው ግን "ወንዛችሁን አሳዪኝ" አሉኝ። ደነገጥኩ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ ወንዛችንን አሳዪኝ ያለኝ ሰው የለም እኮ።

ከፒያሳ ቁልቁል ወርደን ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆምን። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ቀጨኔ ወንዝ ሞልቶ ጭቃ መስሎ ይወርዳል፣ ሃይላንዱን ፌስታሉን አንድ እግር ሸበጥ ሳይቀር ይዞ። ጋሼ ግንቡን ተደግፈው ቀና ብለው ወደ እንጦጦ አዩና "ከዛ ነው የሚነሳው?" አሉኝ። አዎ ከዛ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ሁሌ የሚገርመኝ ነገር ነው። እንጦጦ ጫፍ ላይ የዘነበው ዝናብ ወደኛ ካዘነበለ አቃቂ ወንዝን ይዞ አዋሽ ይገባል፣ ወደ ሱሉልታ በኩል ከወረደ ደሞ በሙገር አድርጎ አባይ ገብቶ ሱዳንን ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራንያን ይደርሳል። ያው አንድ ዳመና ነው እኮ! የኛው አዋሽ ግን ባህር አያይም፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዛው ይቀራል፣ መውጫ የለውም፣ ፀሐይ ነው የሚጨርሰው። ውሃው ይተናል፣ ይዞት የመጣው ጨውና ቆሻሻ ግን የት ይሄዳል?

ፍልውሃ ስንደርስ ጋሼ ደስ አላቸው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው ከተማዋን የቆረቆሩት በዚህ ፍል ውሃ ምክንያት ነው፣ እና አሁን ቀጨኔ የሚገባበት ባንቺይቀጡ ወንዝ እዚህ አጠገብ ነው የሚያልፈው። በ2011 በተጀመረው 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ፕሮጀክት የተሰሩት ቦታዎች ያምራሉ፣ ሳሩ፣ መቀመጫው፣ ልጆች ሲሮጡ ማየት፣ እውነት ለመናገር ልቤ ሞቋል።

ግን ወረድ ብለን ሌላ ቦታ ላይ ከአንድ ግንብ ስር የወጣ ጥቁር ቱቦ አየን። ነጭ አረፋ ያለው ውሃ ቀስ እያለ ወንዙ ውስጥ ይፈሳል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል፣ ድንጋዩ ላይ ደሞ አረንጓዴ ዝቃጭ ጋግሮ ይዟል። የማን እንደሆነ አላውቅም። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ረጅም ሰዓት ዝም ብለው አዩትና "ልጄ፣ ይሄ እኮ ወደ እኛ ነው የሚመጣው" አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቀበናና ባንቺይቀጡ ተገናኝተው ወደ ትልቁ አቃቂ፣ በምዕራብ በኩል ደሞ ትንሹ አቃቂ፣ ሁለቱም አባ ሳሙኤል ግድብ ገብተው ከዛ አዋሽ፣ ከዛ ቆቃ ግድብ፣ ከዛ መተሃራ ሸንኮራው ላይ። ካርታ ላይ ሳየው መስመር ነበር፣ ጋሼ አጠገቤ ቆመው ሳየው ግን የሚያጠጡት ውሃ ሆነብኝ።

ፒኮክ መናፈሻ ስንደርስ መሸብን። ልጅ እያለሁ እዚህ ዳር ዳሩን ሰላጣና ቆስጣ በዚሁ ወንዝ ሲያጠጡ አያለሁ፣ እኛም ገዝተን በልተናል። ጋሼ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ምንም አላሉም።

በማግስቱ ቃሊቲ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ብዙም ሳይቆዩ ደወሉ፣ "አቃቂ ድልድዩን እያለፍን ነው፣ እንደደፈረሰ ነው" አሉኝ።