እንኳን ማርያም ማረችህ

ዘወትር ማለዳ፣ እኔ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ የባለቤቴ አክስት ድምፅ ከምድር ቤት «እንኳን ማርያም ማረችህ!» ይለኛል። እትዬ በዚያ ሰዓት ከእኛ በመኪና አርባ ደቂቃ በሚርቀው ቤታቸው ተኝተዋል። ድምፁ የእሳቸው ነው፤ ከንግግራቸው በኋላ የሚያስከትሏት «እህ፣ እህ» የምትል ሳልም የእሳቸው ናት፤ ተናጋሪው ግን ጋሻው የተባለው ግራጫ በቀቀኔ ነው። ይቅርታ፣ ተናጋሪዋ ጋሻው የተባለችው ግራጫ በቀቀኔ ናት። ይህን ዓረፍተ ነገር በአንድ ጊዜ አስተካክዬ መጻፍ እስካሁን አልሆነልኝም።

ጋሻውንና አበባን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ቤታችን ያመጣኋቸው ከሦስት ዓመት በፊት፣ «ባልና ሚስት ናቸው፤ ብዙ ሳይቆዩ ይፈለፍሉልሃል» ካለኝ ሻጭ ገዝቼ ነው። የአፍሪካ ግራጫ በቀቀን ወንዱና ሴቷ በመልክ አይለዩም፤ ሁለቱም ግራጫ፣ ሁለቱም ቀይ ጅራት፣ ሁለቱም ሰውን በጎን እያዩ የሚታዘቡ ናቸው። እርግጡን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁለት ሦስት የደረት ላባ ከነሥሩ ነቅሎ ለዘረ መል ምርመራ ይልካል፤ ክፍያውም ለሁለት ሰው ምሳ ከሚወጣው አይበልጥም። እኔ ግን ሻጩ በጣቱ እያመለከተ «ጭንቅላቱ ተለቅ ያለው ወንዱ ነው» ሲለኝ ምርመራው እዚያው የተጠናቀቀ መስሎኝ ምሳውን በላሁት። ባለቤቴ «በጭንቅላት ትልቅነት ብቻ የሚታመን ከሆነማ…» ብላ ንግግሯን ሳትጨርስ እኔን አየት አድርጋ ዝም ማለቷን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ከዚያ በኋላ ጋሻው ከጉሮሮው ምግብ እየመለሰ አበባን ሲያጎርሳት ባየሁ ቁጥር የሻጩን ቃል እያረጋገጥኩ ኖርኩ። እንዲህ ያለ አሳቢ ባል በሰው ዘንድም እንደማይገኝ ለእንግዶች እናገር ነበር።

ለእነዚህ ወፎች ሲባል ቤታችን ያልከፈለው መሥዋዕትነት የለም። የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልምና ዕጣን ከቤት ወጣ፤ ቡና የሚቆላው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ በጥር ብርድ ካፖርት ደርቦ ቡና የሚቆላ ሰው ፊት ላይ የሚነበበውን ነገር እኔ በቃላት አልገልጸውም። የማያጣብቁት መጥበሻዎች ከመጠን በላይ ሲግሉ የሚተነፍሱት ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚገድል፣ በዚያው ዓይነት ነገር የተቀባው የኤሌክትሪክ ምጣዳችንም ከቡናው ጀበና ጋር ተሰደደ። አቮካዶ ለእነሱ መርዝ ስለሆነ በቤታችን አቮካዶ የሚበላው በር ተዘግቶ፣ እጅ ታጥቦ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን የመጣ እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይናገራል ወይ?» ይናገራል ስል ደግሞ ከሳጥኑ ፊት ወንበር ስቦ ለአንድ ሰዓት «ሰላም በል፤ ሰላም በል» ይላል። በቋንቋችን ሳያስተውል የሚደጋግም ሰው «እንደ በቀቀን» የሚባለው ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ በእኔ ቤት የሚደጋግመው እንግዳው ነው፤ በቀቀኑ ዝም ብሎ ያዳምጣል።

ባለፈው መጋቢት አበባ ከጎጆ ሳጥኑ አልወጣ አለች። በግራጫ በቀቀን ጎጆ ብዙውን ጊዜ የሚጠበቀው ሦስት ወይም አራት እንቁላል ነው። አምስተኛው ሲመጣ ተደሰትኩ፤ ስድስተኛው ሲመጣ ለዘመድ ቴሌግራም ፎቶ ላክሁ፤ ሰባተኛው ሲመጣ ነገሩ ከወፎቹ አልፎ የእኔ የግል ችሎታ መሰለኝ። ሰባት! የአመጋገብ ምስጢሬን ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አካፈልኩ። ለሥራ ባልደረቦቼ በእንግሊዝኛ፣ ለነዳጅ ማደያው ልጅ በአማርኛ፣ ለጥርስ ሐኪሜ አፌ በመሣሪያ ተሞልቶ እያለ በጣቶቼ ሰባት መሆናቸውን አስታወቅሁ። ኢረን ፔፐርበርግ የተባሉት ተመራማሪ ያሠለጠኑት፣ በ2007 የሞተው አሌክስ የተባለ ግራጫ በቀቀን እስከ ስድስት ድረስ ያለውን ብዛት ለይቶ ይናገር ነበር፤ ያ ወፍ የእኔን ጎጆ አይቶ ቢሆን ኖሮ ከስድስት ማለፉን ብቻ ተመልክቶ ነገሩን በጠረጠረ ነበር።

እትዬ ዜናው እንደ ደረሳቸው በአንድ ቅዳሜ ገንፎ አስይዘው፣ በመሐሉ ቅቤውንና በርበሬውን እንደ ወጉ አድርገው፣ ከሦስት ሴቶች ጋር መጡ። እኔም በገንፎው ዙሪያ ለተቀመጡት ንግግር አደረግሁ፤ ግራጫ በቀቀን ከዱር ተይዞ ለንግድ ከአገር ወደ አገር እንዳይሻገር ከ2017 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት መከልከሉን፣ ስለዚህም በእኔ ምድር ቤት የሚፈለፈሉት ሰባት ጫጩቶች ተራ ጫጩቶች አለመሆናቸውን አብራራሁ። ከዚያም መብራት አጥፍቼ፣ አበባ አውራ ጣቴን ነክሳኝ ያወጣሁትን አንድ እንቁላል በስልኬ ብርሃን ላይ አቁሜ «ይታያችኋል? እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋው ደም ሥሩ ነው» አልኩ። የጣቴ ጥላ ነበር። እትዬ ግን እልልታቸውን ሦስት ጊዜ አቅልጠው፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ «እንኳን ማርያም ማረችህ!» አሉኝ፤ ሳሉም። በቀቀን ከምንም በላይ ፈጥኖ የሚይዘው በደስታ ወይም በቁጣ ጮክ ተብሎ የተነገረውን እንደሆነ አውቃለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን አላሰብኩትም።

እንቁላል የሚፈለፈለው በሃያ ስምንት ወይም በሠላሳ ቀን ገደማ ነው። እኔም የዓመት ፈቃዴን ከዚያ ጋር አስማምቼ ወሰድኩ፤ ምናልባት እናትየው ካልመገበች በሚል ለጫጩቶች የሚሆን የዱቄት ምግብ፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅና ቴርሞሜትር ገዛሁ። ምግቡ አርባ ዲግሪ አካባቢ ካልሆነ አይሆንም፤ ከዚያ እጅግ ከሞቀ የጫጩቷን የምግብ ከረጢት ያቃጥላል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ እዚያው ይረጋል። ስለዚህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እየተነሣሁ አጥሚት የማዘጋጀት ልምምድ ያዝኩ። ባለቤቴ አንድ ሌሊት በኩሽናው በር ላይ ቆማ «ሁለት ልጆች ስንወልድ አንድ ሌሊት አልተነሣህም» አለችኝ። እኔ ቴርሞሜትሩን እያነበብኩ ነበር።

ሠላሳኛው ቀን አለፈ። ሠላሳ አምስተኛውም አለፈ። በአርባኛው ቀን፣ ፈቃዴ አልቆ ወደ ሥራ ከተመለስኩ በኋላ፣ ለወፍ ሐኪሟ ደወልኩ። «ስንት እንቁላል ነው?» ስትለኝ በሚገባ ጠብቄው የነበረ ጥያቄ ነውና ድምፄን ጠርጌ «ሰባት» አልኳት። ዝም አለች። አድናቆት ነው ብዬ ጊዜ ሰጠኋት። ቀጥላ የጠየቀችኝ የወንዱን የምርመራ ወረቀት ነበር። ጭንቅላቱ ትልቅ መሆኑን ነገርኳት። አሁንም ዝም አለች፤ ይህኛው አድናቆት እንዳልሆነ ገባኝ። ሁለት ሴቶች በአንድ ጎጆ ሲጥሉ እንቁላሉ እጥፍ እንደሚሆን የነገረችኝ በጣም በጥንቃቄ፣ ለሐዘንተኛ መርዶ እንደሚነግር ሰው ነው። ላባ ላክሁ፤ በሳምንቱ ውጤቱ መጣ፤ ሁለቱም ሴቶች።

«ታዲያ ያ ሁሉ መጎራረስ?» ስል ባለቤቴ «እኔና እኅቴ ስንጎራረስ አይተህ አታውቅም?» አለችና ጋሻውን በዚያው ዕለት ጋሻነሽ ብላ ሰየመቻት። እኔ ግን አፌ አልመለስ ብሎኝ፣ ሦስት ዓመት «አንተ» ያልኩትን «አንቺ» ለማለት ስሞክር እየተደናቀፍኩ፣ በመጨረሻ «እርስዎ» እያልኩ እጠራት ጀመር፤ አንቱታ ወንድና ሴት አይለይም።

ለዘመድ ሁሉ የነገርኩት መብራት ጠፍቶ እንቁላሎቹ እንደቀዘቀዙ ነው። እትዬ «አሜሪካም መብራት ይጠፋል እንዴ?» ከማለት በቀር ብዙ አልመረመሩኝም ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ሊጠይቁን መጥተው ገና ጫማቸውን ሲያወልቁ፣ ከምድር ቤት «እንኳን ማርያም ማረችህ!» የሚል ድምፅ መጣ። እትዬ አንድ እግራቸውን እንዳነሡ ቆሙና «ማነው ደግሞ የወለደው?» አሉ። ሴት ጎረቤታችን እንደሆነች፣ እንግዶቿ ለጥየቃ ሲመጡ ድምፃቸው በግድግዳው በኩል እንደሚሰማ፣ ሕፃኑም ወንድ እንደሆነ በተረጋጋ መንፈስ አስረዳኋቸው። አምነውኝ ሁለተኛውን ጫማ ማውለቅ ጀምረው ነበር።

ጋሻነሽ ሳለች።