ቪጎዬን በ4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሳደርግ

ባሕር ዳር ውስጥ ከፍ ተደርገው የተሠሩ ፒክአፖች አይጠፉም። እሁድ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ባለው አስፋልት ላይ ቀስ እያሉ ሲያልፉ ታገኟቸዋላችሁ። ጎማቸው ከፓራፋንጎ ውጭ ወጥቷል፤ ጭቃ ግን ነክቷቸው አያውቅም። አልወቅሳቸውም፣ ያምራሉ። የእኔዋ ቪጎ፣ የቶዮታ ፒክአፕ፣ ግን የእንጀራ መኪና ናት። ሥራዬ የውሃ ፓምፕ መሸጥና መጠገን ነው። አብዛኞቹ ደንበኞቼ ፎገራ ላይ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች ናቸው። አንዳንዴም ደንቢያ ድረስ እሄዳለሁ።

ስለዚህ ከሱቅ በፊት መንገዴን አየሁ። የምነዳው በብዛት አስፋልት ላይ ነው፤ በሐሙሲት ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ ሲልም ጎንደር ድረስ። ሁለተኛው ወደ ዘጌ በኩል እንዳለው ዓይነት ጠጠር ነው፤ ድንጋዩ የጎማ ጎን ይቆርጣል። ሦስተኛው ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ማሳ የሚገባው የመረሬ፣ ማለትም የጥቁር ሸክላ አፈር፣ መንገድ ነው። እዚያ ሽንኩርት የሚጭኑት አይሱዙዎች ጥልቅ ቦይ አውጥተዋል። በሁለቱ ቦዮች መሀል የቀረው አፈር በበጋ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። የቪጎ ሆድ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

አንድ ቀን ሜትር ይዤ ወርጄ ያን የመሀል አፈር በየቦታው ለካሁት። ያየኝ እረኛ መሬት የምሸነሽን መስሎት ነበር። አብዛኛው ከ20 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ይህች ቁጥር ከብዙ ወጪ አዳነችኝ። እኔ የሚያስፈልገኝ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው፤ ግንብ የሚያክል መኪና አይደለም።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር እዚህ ጋ አለ። ሞላ (የፊቱ ጥቅል ስፕሪንግ) እና ባሌስትራ (የኋላው ተደራራቢ የብረት ቅጠል) ሲቀየሩ ከፍ የሚለው ሻንሲው፣ ማለትም የመኪናው የብረት አጽም፣ እና ቦዲው ነው። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው አክስል ግን የተሸከመው በጎማ ነው። ባሌስትራውን የፈለጋችሁትን ያህል ብታሳድጉት፣ አክስሉ መሀል ያለው የማርሽ ቤት፣ ዲፈረንሻሉ፣ ከመሬት አንዲት ሚሊ ሜትር አይርቅም። እሱን የሚያነሳው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። ያውም ጎማው በቁመት ከጨመረው ውስጥ ለአክስሉ የሚደርሰው ግማሹ ነው።

ቪጎዬ ስትመጣ የነበራት ጎማ 265/65R17 ነው። 265 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። 17 የቸርኬው፣ ላስቲኩ የሚለብስበት ክብ፣ ዲያሜትር በኢንች ነው። ሲሰላ ሙሉ ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በኋላ የመረጥኩት 265/75R16 ደግሞ 804 ነው። ልዩነቱ 28፣ ግማሹ 14 ሚሊ ሜትር። ዲፈረንሻሌ ያገኘው ያችን ነው። ትንሽ ትመስላለች፤ መሀል ላይ ያለውን አፈር ለሚፍቅ ሰው ግን ትንሽ አይደለችም።

ቀጥሎ ክብደት። እቃዬን ሁሉ እንደጫንኩ የመኪና ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ ከዚያ አራግፌ ባዶዋን አስመዘንኩ። የመፍቻ ሳጥኑ፣ ጄኔሬተሩ፣ የቱቦው ጥቅልና ሁልጊዜ የማይወርደው መለዋወጫ አንድ ላይ 250 ኪሎ ገደማ ሆኑ። ፓምፕ ስጭን ይጨምራል። ለምን መመዘን አስፈለገ? የኋላ ባሌስትራ የሚሸጠው በቋሚ ጭነት ልክ ስለሆነ ነው። ለባዶ መኪና የሚሆን አለ፣ እስከ 300 ኪሎ ለሚሸከም የሚሆን አለ፣ ከዚያ በላይም አለ። ባዶ ለሚሄድ መኪና ጠንካራውን ብትገጥሙ መኪናው እንደ በቅሎ ይራገጣል። ለተጫነ መኪና ለስላሳውን ብትገጥሙ ደግሞ ከፍታው ሁሉ በጭነት ይበላል። ፊት ለፊትም ያው ነው። የብረት መከላከያ ያለው መኪና ጠንከር ያለ ሞላ ይፈልጋል። እኔ የለኝም፤ ስለዚህ ቀለል ያለውን ወሰድኩ።

መካኒኬ ወጣትና እጁ ፈጣን ልጅ ነው። የመጀመሪያ ሐሳቡ ስፔሰር ነበር።

«ወንድምዓለም፣ ከላይ ስፔሰር አስገብተንልህ ከሰዓት ይዘሃት ትወጣለህ። ለምን ገንዘብህን ታቃጥላለህ?»

ስፔሰር ከአሞርዛተሩ (የመኪናን መንጠር ከሚያረጋጋው) ራስ በላይ የሚገባ ብረት ነው። ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። ነገር ግን ሞላው ያው የደከመው ሞላ፣ አሞርዛተሩም ያው አሮጌ አሞርዛተር ነው። በዚያ ላይ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ የሚቀረው መውረጃ ያጥራል፤ ጎማውን የሚይዘው ክንድ፣ ብራቾው፣ ቶሎ ጥግ ይመታል። ሌላው ርካሽ መንገድ በአክስሉና በባሌስትራው መሀል ብሎክ ማስገባት ነው። እሱን ጭነት ለሚጭን መኪና አልወደውም። መኪናዋ ስትነሳና ፍሬን ስትይዝ ባሌስትራውን የበለጠ ይጠመዝዘዋል። ባሌስትራ ላይ አንድ ቅጠል መጨመር ግን አይናቅም። አገራችን ላይ ብዙ ፒክአፕ የሚኖረው በእሱ ነው። የእኔዎቹ ቅጠሎች ከመድከማቸው የተነሳ ተዘርግተው ቀጥ ስላሉ ሙሉውን ቀየርኩ።

የተወሰነው ከፊትም ከኋላም 4 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ሲኬድ የቪጎ የፊት ሰሚያስ፣ ለጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ፣ በጣም ያዘነብላል። ግሪሱን የያዘው የጎማ ከረጢት ቶሎ ይቀደዳል፣ አቧራ ይገባል፣ ከዚያ ሰሚያሱ ራሱ ይንኳኳል። ሰዎች ይህን ለማስተካከል ዲፈረንሻሉን ዝቅ የሚያደርግ ብረትና ሌላ የላይ ብራቾ ይገዛሉ። አንዱ ወጪ ሌላውን እየጠራ ይሄዳል። መኪናው ከፍ ባለ ቁጥር ኩርባ ላይ የመገልበጥ አደጋውም ይጨምራል። ጭነት ስትይዝ ደግሞ ይብሳል።

ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው የፍሬኑን ነገር ነው። የኔ ቪጎ ከኋላ አክስሉ በላይ አንድ ቫልቭ አላት። ከቫልቩ ወደ አክስሉ የሚወርድ ዘንግ አለ። መኪናዋ ስትጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይቀርባል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ቫልቩም ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል። ባዶ ስትሆን ይቀንሳል፤ አለበለዚያ የኋላ ጎማ ተቆልፎ መኪናዋን ያንሸራትታታል። አሁን አስቡት፤ ሻንሲውን 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስታደርጉ ቫልቩ የሚያውቀው ሻንሲው ከአክስሉ መራቁን ብቻ ነው። መኪናዋን ሁልጊዜ ባዶ ናት ብሎ ያምናል። ሙሉ ጭነት ይዛችሁ ስትወርዱ የኋላ ፍሬን ይሰንፍና ሥራው ሁሉ የፊቱ ላይ ይወድቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። ዘንጉ አክስሉ ላይ የሚታሰርበትን ቦታ በዚያው በ4 ሳንቲ ሜትር የሚያነሳ ትንሽ ብረት ይገጠማል። ዋጋው ከሁሉም እቃ ያነሰ ነው። ግን ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ ሰው አታገኙም። የፍሬን ቱቦዎቹም ጎማው ተንጠልጥሎ ሲወርድ እንዳይወጠሩ ማየት ያስፈልጋል።

ወደ ቸርኬ እንምጣ። የፋብሪካው ባለ 17 አሉሙኒየም ነበረኝ። ሰው ሁሉ ወደ 18 እና 20 ሲወጣ እኔ ወደ 16 ወረድኩ፣ ያውም ወደ ብረት። ምክንያቱ የጎማው ጎን ነው። ቸርኬው ሲያንስ በዚያው ቁመት የላስቲኩ ጎን ይረዝማል። በፊት 172 ሚሊ ሜትር የነበረው አሁን 199 ሆኗል። የዘጌን ድንጋይ የሚውጠው ይሄ ላስቲክ ነው። ብረት መሆኑን ያስወሰኑኝ ደግሞ ጎሚስታዬ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ብዙ አይናገሩም።

«ጋሼ፣ የትኛው ይሻለኛል ይላሉ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ብረቱ ቢጣመም በመዶሻ አቀናልሃለሁ። አሉሙኒየሙ ቢሰነጠቅ ግን አብሬህ ማዘን ነው» አሉኝ።

አሉሙኒየሞቹን ሸጥኩ። ገንዘቡም አሞርዛተር ላይ ዋለ። ጠጠር ላይ መኪናን መስመር የሚያስይዛት አሞርዛተር ነው። በጀት ከጠበባችሁ ቸርኬው ይቅር እንጂ እሱ ላይ አትቆጥቡ።

ቸርኬ ስትገዙ የምታዩት የቪጎ ቀዳዳ ስድስት ነው፤ የክቡ ዲያሜትር 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ሁሉም ሻጭ ያውቀዋል። ብዙዎች ዝም የሚሉት ኦፍሴቱን ነው። ኦፍሴት ማለት ቸርኬው የሚታሰርበት ፊት ከቸርኬው መሀል መስመር ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳይ ቁጥር ነው። የእኔ የፋብሪካው 30 ነበር፣ ብረቱንም በ30 ፈልጌ አገኘሁት። ቁጥሩ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ሲሆን ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። ያኔ ያምራል፣ ግን ኩሽኔታውን ይጫነዋል፣ መሪው ጉድጓድ ላይ እጅ ይመታል፣ ጭቃው በመስኮቱ ላይ ይረጫል። አራቱን ከመክፈላችሁ በፊት አንዱን ብቻ ፊት ለፊት ግጠሙና በእጃችሁ አዙሩት። የፍሬኑን ካሊፐር ካልነካ ደህና ነው።

ዳዶውም አንድ አይደለም። የቶዮታ አሉሙኒየም ቸርኬ የሚታሰረው ጠፍጣፋ ሮንዴላ ባለው ዳዶ ነው። ብረቱ ግን ጫፉ ሾጠጥ ያለ ዳዶ ይፈልጋል። የድሮውን ብረቱ ላይ ብታስሩ የጠበቀ ይመስላል እንጂ ቦታውን አይዝም። አዲስ ዳዶ ገዛሁ። ከታሰረ በኋላም መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼ እንደገና አጠበቅሁት። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ዩ ቦልቶችም እንዲሁ።

ጎማ ላይ ብዙ ሰው የጭቃውን፣ ጥርሱ ትልልቅ የሆነውን ይመክራል። እኔ ለአስፋልትም ለጠጠርም የሚሆነውን መሀለኛውን ወሰድኩ። የጭቃው አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ቶሎ ያልቃል፣ በዝናብ ፍሬን ላይ ይንሸራተታል። ደግሞስ ለየትኛው ጭቃ? ክረምት ላይ መረሬ ሲርስ ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ የማንኛውንም ጎማ ጥርስ ደፍኖ ልሙጥ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ገበሬዎቹ ራሳቸው «መኪናህን አስፋልቱ ላይ ተዋት፣ የፓምፑን ሞተር በአህያ እናመጣልሃለን» ይሉኛል። ለዚያ ወቅት ብዬ ዓመቱን ሙሉ የሚጮህ ጎማ አልገዛም።

የጎማው ጎን ላይ ሁለት ነገር አንብቡ። አንዱ የመሸከም ቁጥሩ ነው። በዚሁ መጠን 116 የተጻፈበት አንዱ ጎማ 1,250 ኪሎ ይሸከማል። 123 ያለው 1,550 ኪሎ ይሸከማል፤ ጎኑም ይወፍራል። እኔ 123ቱን ወሰድኩ። ክብደቱ ከበድ ያለ ነው፣ ንፋስም የበለጠ ይፈልጋል። ሁለተኛው የተመረተበት ቀን ነው። ዶት ከሚሉት ፊደላት በኋላ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ናቸው። 1823 ካለ በፈረንጅ 2023 በ18ኛው ሳምንት ተመርቷል። አንድ ሱቅ ውስጥ ፕላስቲኩ ያልተላጠ «አዲስ» ጎማ አሳዩኝ። ቁጥሩን ሳነብ ሰባት ዓመት አልፎታል። ሻጩ «አልተነዳም እኮ!» አለኝ። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ጎማ የዋዛ ወጪ አይደለም። ለዚያ ዋጋ ያረጀ ላስቲክ አይገዛም።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ አላይመንት ግድ ነው። መኪና ከፍ ሲል የፊት ጎማዎቹ አቀማመጥ ይለወጣል፤ መሪው ይቀላል፣ ወደ መሀል መመለስም ይሰንፋል። እኔ ወዲያው አሠራሁ፤ አዲሱ ሞላ ቦታውን ከያዘ በኋላም እንደገና አሳየሁ። የፊት መብራቱንም ዝቅ አስደረግሁ። አለበለዚያ ማታ ከፊት የሚመጣው ባጃጅ ሁሉ ይሰድባችኋል፣ ደግሞ እውነቱን ነው።

የፍጥነት መቁጠሪያውም አሁን ትንሽ ይዋሻል። ጎማው በ3.6 በመቶ ስለረዘመ፣ 80 ሲል በእርግጥ ወደ 83 እየሄድኩ ነው። ኪሎ ሜትሩንም ቀንሶ ስለሚቆጥር፣ ናፍጣ የበላች ትመስላለች እንጂ በዚያ ልክ አልጨመረችም። ወደ ጎንደር ዳገቱ ሲጀምር ግን ለውጡ ይሰማል። በፊት በአራተኛ ማርሽ የምወጣውን አንዳንዱን ቦታ አሁን ወደ ሦስተኛ እወርዳለሁ።

ተጠባባቂ ጎማውን አትርሱ። አምስተኛውም በተመሳሳይ መጠን መሆን አለበት፤ ከመኪናዋ ስር የሚታሰርበት ቦታ ላይም እንደሚገባ ቀድማችሁ ሞክሩ። የእኔ ለጥቂት ገባ። ክሪኩንም እንዲሁ። መኪናዋ ከፍ ስላለች ከሻንሲ ስር ቢገባ አይደርስም። ከኋላ አክስሉ ስር፣ ከፊት የታችኛው ብራቾ ስር ነው የማስገባው። ከወንበሩ ኋላ ደግሞ ወፍራም የጣውላ ቁራጭ አለኝ። መረሬ ላይ ያለ ጣውላ ክሪክ ብታቆሙ መኪናዋ ባለችበት ትቀራለች፣ የሚወርደው ክሪኩ ነው።