ከድንኳኑ ጀርባ ያሉ ልጆች

በሰፈራችን እድር በበጎ ፈቃድ የያዝኩት ሥራ ቀላል ይመስላል፤ ድንኳን ሲተከልና ንፍሮ ሲቀቀል እኔ ከሟቹ ልጆች ጋር እቀመጣለሁ። ለቅሶ መድረስ የምንኮራበት ባህላችን ቢሆንም፣ ልጆች ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ጎረቤት ይላኩና «አባታችሁ ሩቅ አገር ሄዷል» ይባላሉ። ይህ ከርኅራኄ የመጣ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሞት መመለሻ እንደሌለው ብዙውን ጊዜ ገና ስለማይረዳ፣ የሄደው ይመጣል ብሎ ደጅ ደጁን ማየቱ አይቀርም።

አንዲት የ6 ዓመት ልጅ በሠልስቱ ማግስት የአባቷን ጫማ በጨርቅ ወልውላ፣ ጫፉን ወደ በሩ አዙራ ስታስቀምጥ አገኘኋት። «ሲመጣ እንዳይቸገር ነው» አለችኝ። እናቷን አስፈቅጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና አባቷ እንደሞተ፣ መተንፈስም እንዳቆመ በግልጽ ቃል ነገርኳት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «ይበርደዋል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እንደማይበርደው መለስኩላት።

ከ40ው በኋላ ጠያቂ ስለሚቀንስ፣ እኔ አዘውትሬ የምሄደው ያኔ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጫማውን በእርሳስ ሥላ አሳየችኝ፤ ማሰሪያውን እንኳ አልረሳችም።