ለሁለት ሳምንት የታዘዘልኝን ኦሜፕራዞል 3 ዓመት ዋጥኩት

መጀመሪያ የታዘዘልኝ ለ14 ቀን ነበር። ኦሜፕራዞል የሚባል የጨጓራ መድኃኒት፣ 20 ሚሊግራም፣ ጠዋት ጠዋት አንድ። ጨጓራዬ ተሻለው። ሲያልቅብኝ ሰፈር ካለ ፋርማሲ ሌላ ገዛሁ። ማዘዣ የጠየቀኝ የለም። እኔም መቼ ላቁም ብዬ የጠየቅሁት ሰው የለም። እንዲህ እንዲህ እያለ 3 ዓመት ሞላኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ «ጨጓራ የለብኝም» የሚል ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ቢሮ ውስጥ አንዱ «ኧረ አቃጠለኝ» ሲል ሦስት ሰው ቦርሳውን ይከፍታል። አንዱ ከፋች እኔ ነበርኩ።

ያነቃኝ ጨጓራዬ ሳይሆን እግሬ ነው። ጣቶቼ እየደነዘዙ እንደ መርፌ ይጠቀጥቁኝ ጀመር። ሐኪሟ «በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ስትለኝ ሳላመነታ «የለም» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «ለጨጓራስ?» አለችኝ። ለካ ኦሜፕራዞልን ከመድኃኒት አልቆጠርኩትም ነበር!

የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ ቫይታሚን ቢ 12 ዝቅ ብሏል። ይህን ቫይታሚን የምናገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ከምግቡ ለይቶ የሚያወጣው ደግሞ የጨጓራ አሲድ ነው። ኦሜፕራዞል ሥራው አሲዱን መቀነስ ነው። እኔ በዚያ ላይ የዓመቱን ግማሽ ያህል እጾማለሁ። በጾሙ ወራት ቢ 12 አይገባም፣ በፍስኩም የገባውን መድኃኒቱ ያባክነዋል። የትኛው ይበልጥ እንደጎዳኝ እርግጠኛ መሆን አይቻልም አለችኝ። መርፌ ታዘዘልኝ።

አወሳሰዴም ልክ አልነበረም። ኦሜፕራዞል የሚዋጠው ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው፤ አሲድ አመንጪዎቹ የሚነቁት ስንበላ ስለሆነ። እኔ ሁዳዴ ላይ ጠዋት ውጬ 9 ሰዓት ላይ ነበር የምበላው።

በል ተወው ብዬ በዚያው ቀን አቆምኩ። በሦስተኛው ቀን ደረቴ ነደደ። «ይኸው፣ ያለሱ መኖር አልችልም» ብዬ ተመለስኩበት። ስህተቴን የነገረችኝ ሐኪሟ ናት። ለረጅም ጊዜ የታፈነ ጨጓራ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ከወትሮው በላይ አሲድ ያመነጫል። ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፣ ግን ያልፋል። የድሮው በሽታዬ የተመለሰ መስሎኝ ነበር።

ቀስ በቀስ ልታስቆመኝ ስትነሳ መጀመሪያ ደም ማስታወክ፣ ጥቁር ሰገራ፣ ለመዋጥ መቸገር ወይም ያለ ምክንያት መክሳት እንደሌለብኝ አረጋገጠች። ለወገቤ አልፎ አልፎ የምወስደውን የሕመም ማስታገሻ፣ ዲክሎፌናክንም አስጣለችኝ፤ እሱ ራሱ ጨጓራ ያቆስላል፣ ለኩላሊትም ለደም ግፊትም ደግ አይደለም። (አንዱ ያቃጥላል፣ ሌላው ያጠፋል፤ እኔ ለሁለቱም እከፍላለሁ።) ካፕሱሉን ከፍቼ ግማሹን ልውሰድ ብላት አልፈቀደችም። አንድ ቀን እየዘለልኩ ሁለት ሳምንት ወሰድኩ፣ ከዚያ በሦስት ቀን አንዴ። ሲያቃጥለኝ አሲዱን የሚያበርድ የሚታኘክ አንታሲድ። ራቴን ከመተኛቴ ሦስት ሰዓት ቀደም ብዬ መብላት ጀመርኩ። ቡናውን ከሦስት ስኒ ወደ አንድ አወረድኩ፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው።

ሙሉ በሙሉ ካቆምኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጨጓራን ለሚያቆስለው ባክቴሪያ፣ ለኤች ፓይሎሪ፣ የሰገራ ምርመራ አደረግሁ። ድሮ ተመርምሬ «ነፃ ነህ» ተብዬ ነበር። ግን ያኔ ኦሜፕራዞሉን እየዋጥኩ ነው የተመረመርኩት፤ መድኃኒቱ ደግሞ ባክቴሪያውን ከምርመራ ሊሸሽገው ይችላል። አሁን ተገኘ። ለ14 ቀን ሁለት አንቲባዮቲክ፣ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን፣ ከኦሜፕራዞል ጋር ወሰድኩ። ይኼኛውን 14 ቀን ግን በ14ኛው ቀን አቆምኩት። ከወር በላይ ቆይቼ ስመረመር ባክቴሪያው ጠፍቷል።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ሳወራላት «እንግዲያ እኔም ልተወዋ» አለች። እሷ ለልቧ በየቀኑ አስፕሪን ትወስዳለች፣ ኦሜፕራዞሉም የታዘዘላት አስፕሪኑ ጨጓራዋን እንዳያደማው ነው። ደነገጥኩ። «እማዬ፣ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ እንዳትነኪው!»

«አንተ 3 ዓመት ሙሉ ማንን ጠይቀህ ነው የዋጥከው?» አለችኝ።

በቀጠሮዋ ቀን መድኃኒቶቿን በሙሉ በፌስታል ይዘን ሄድን። ሐኪሙ አንድ በአንድ አየና የሷ ኦሜፕራዞል እንዲቀጥል ነገረን።