እንጨቱ ወዴት ነው የሚሄደው?

አንዲት እናት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ። ደም የሚሰጡ መስሏቸው ነው ያልበሉት። ከክሊኒኩ ሲደወልልኝ ብሔራዊ ትያትር አካባቢ ካለው ቢሮዬ ወጥቼ ታክሲ ሳልጠብቅ የቸርችልን ዳገት በእግሬ ወጣሁት። ፒያሳ ደርሼ ይቅርታ ልጠይቃቸው ጎንበስ ስል፣ "ልጄ፣ እኔ እኮ አልተሳሳትኩም። የልጅ ልጄ አንብቦልኛል። ሦስት ሰዓት ይላል፣ በሦስት ሰዓት መጣሁ" አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። መልእክቱን የላከላቸው የክሊኒኩን ቀጠሮ የሚይዘው የእኛ ሶፍትዌር ነው። ቀጠሮው በፈረንጅ ሰዓት 15:00፣ በእኛ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፕሮግራሙ 15ን ወደ 3 ቀይሮ፣ መልእክቱ እንዲያጥር "ከሰዓት በኋላ" የሚለውን ቆርጦ፣ "ቀጠሮዎ 3:00" ብሎ ላከ። ስንሠራው ማናችንም ልብ አላልንም። ስክሪኑ ላይ ሲታይ ያምር ነበር። እኔ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ፣ ጎህ ሲቀድ አሥራ ሁለት ሰዓት መሆኑን አፌን ሳልፈታ የማውቅ ሰው ነኝ። ያን ማታ ቢሮ ብቻዬን ተቀምጬ ጆሮዬ ላይ ሲያቃጭል ያመሸው የአባቴ ጥያቄ ነው፦ "እንጨቱ ወዴት ነው የሚሄደው?"

አባቴ አናጢ ነበር። ቤታችን ዶሮ ማነቂያ፣ ሥራ ቦታው ሠራተኛ ሰፈር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰጋቱራ እየጠረግኩ፣ ሚስማር እያቀበልኩ አድጌያለሁ። መላጊያውን ሲሰጠኝ ሁልጊዜ መጀመሪያ ያቺን ጥያቄ ይጠይቀኛል። ጣውላውን አዙሬ ጎኑን ማየት አለብኝ፤ መስመሮቹ ወዴት እንደሚወጡ፣ ወዴት እንደሚወርዱ። እንጨቱ በሚሄድበት ከሄድክ ፍቅፋቂው እንደ ወረቀት ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ፊቱም ይለሰልሳል። ተቃራኒውን ከሄድክ ይሰነጠርብሃል፤ የተሰነጠረውን ለማስተካከል ደግሞ ከጤነኛው ላይ መቀነስ ግድ ነው። "ጉልበት አያሸንፈውም፤ እሱ ቀድሞህ አድጓል" ይለኝ ነበር።

ያስተማረኝ ግን አናጢ እንድሆን አልነበረም። ከዚያ እንድወጣ ነበር። በ1998 ከአገር ስወጣ ቤተሰቡ ሁሉ የቢሮ ሰው ሆኜ እንድመለስ ነበር የጠበቀው። ጀርመን ገብቼ፣ የወረቀት ጉዳዬ ዓመታት ፈጅቶ፣ በመጨረሻ የተከፈተልኝ በር የሙያ ሥልጠና ሆነ። ከፍራንክፈርት በባቡር አንድ ሰዓት በምትርቅ ትንሽ ከተማ፣ ሦስት ዓመት የሚፈጀውን የ"ቲሽለር"፣ የአናጢነት ሥልጠና ጀመርኩ። እናቴ በስልክ ስትሰማ አለቀሰች። "ለዚህ ነው እንዴ ባሕር የተሻገርከው? እንጨትማ እዚህም ነበር" አለች። አባቴ ስልኩን ተቀብሏት ትንሽ ዝም አለ።

"እንጨቱ ምንድነው?"

"ኦክ ይሉታል፣ አባዬ።"

"ከዋንዛ ይከብዳል?"

"ይከብዳል።"

"እንግዲያው መሮህን ቶሎ ቶሎ ሳል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ በተደዋወልን ቁጥር የምናወራው ስለ እንጨት ሆነ። በልጅነቴ ያላወራነውን ያወራነው ባሕር ማዶ ሆኜ ነው።

እዚያ ያየሁትን ሁሉ ልንገራችሁ ብል አያልቅም። አንዱን ብቻ። ሥልጠናው ሲያልቅ እያንዳንዱ ተማሪ ራሱ ነድፎ የሚሠራው የመመረቂያ ሥራ አለ። እኔ ትንሽ የጽሕፈት ጠረጴዛ ሠራሁ፣ አንድ መሳቢያ ያለው። ፊቱን ለሳምንት ያህል በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ መስተዋት አስመስዬዋለሁ። ፈታኙ ፊቱን አላየውም። መጥቶ መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ ስቦ አወጣና ገለበጠው፤ ጀርባውን፣ ከዚያ ሥሩን በጣቱ ዳበሰ። ከዚያ መልሶ ሲያስገባው በአንድ ጣት ገፋው። መሳቢያው ውስጡ ያለውን አየር እየገፋ ቀስ ብሎ ገባ። ያኔ ብቻ ቀና ብሎ አየኝና ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ያቺን ሰዓት ለአባቴ ስነግረው ሳቁ እስካሁን ይሰማኛል። እሱን ግን ቆሜ አልቀበርኩትም። ያረፈ ጊዜ ወረቀቴ እድሳት ላይ ስለነበር ከጀርመን ወጥቼ መመለስ አልችልም ነበር። ይህን የደረሰበት ያውቀዋል።

ወደ ኮምፒውተር የገባሁትም በእንጨት በኩል ነው። የምሠራበት ድርጅት በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን ገዛ፤ ማሽኑን የሚያዝዘውን ኮድ የሚጽፍ ሰው ሲጠፋ እኔ ተማርኩት። ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ፣ ከዚያ ወደ ሶፍትዌር ድርጅት፣ እያልኩ በ2014 አዲስ አበባ ተመልሼ ከአራት ልጆች ጋር የራሴን ከፈትኩ። ሥራችን የትንንሽ ክሊኒኮችን ካርድና ቀጠሮ በኮምፒውተር ማስያዝ ነው። አሁን ዘጠኝ ነን።

ያ የእናት ቀጠሮ የተበላሸው ለምን እንደሆነ ደብቄ ማለፍ አልፈልግም። ቸኩለን ነው። ገንዘብ ካስገቡት ሁለት ሰዎች አንዱ ሁልጊዜ ቴሌብርን ያነሳልኝ ነበር፦ "በግንቦት 2013 ተጀምሮ የት ደረሰ፤ አንተ ገና ወረቀት ላይ ትስላለህ።" እኔም በሦስት ወር አደርሳለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። አባቴ እርጥብ ዋንዛ አይነካም ነበር። ጣውላውን ጓሮ ጥላ ሥር፣ በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባ ደርድሮ፣ ጫፍ ጫፉን እንዳይሰነጠቅ ቀለም ቀብቶ ያስቀምጠዋል። ጀርመን የተማርኩት መለኪያም ያው ነው፦ በአየር ለሚደርቅ ጣውላ፣ ለ2 ሳንቲሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ። እርጥቡን የሠራ ሰው ሲያስረክብ አያፍርም። የሚያፍረው ከስድስት ወር በኋላ፣ በሩ ተጣሞ አልዘጋ ሲል ነው። የእኛ ሶፍትዌር እርጥብ ነበር። ከውጭ የተዘጋጀ የቀጠሮ ሞዴል አውርደን፣ አማርኛ ቀብተን ሸጥነው።

በማግስቱ ሽያጭ አቆምኩ። ክሊኒኩ የከፈለንን መለስኩ። አራት ወር ስጠይቅ ከሁለቱ አንዱ ገንዘቡን ይዞ ወጣ፤ አልፈረድኩበትም። ከዚያ ልጆቹን ይዤ የካርድ ክፍል ገባን። በእኛ ቤት አሁን ደንብ ነው፤ አዲስ የተቀጠረ ፕሮግራመር ኮድ ከመንካቱ በፊት ሁለት ሳምንት ከካርድ ሠራተኛዋ ጎን ይቀመጣል። እንጨቱ ወዴት እንደሚሄድ የሚታየው እዚያ ነው።

ያየነውን ልዘርዝር ብል ቀን አይበቃኝም። ሰዓቱን ነገርኳችሁ። የልደት ቀን መሙያው 12 ወር ብቻ ነበረው፤ ጳጉሜ የተወለደ ሕፃን ሲመጣ ሠራተኛዋ "መስከረም 1" እያለች ትሞላ ነበር፣ ለወራት፣ ለማንም ሳትናገር። ጳጉሜ 6ማ በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ብቻ የምትመጣ ናት፤ በ2015 ነበረች። "የቤተሰብ ስም" የሚል ሣጥን ነበረን፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የአባት ስም እንጂ፤ እናትና ልጅ በዚያ ሣጥን ሲፈለጉ አይገናኙም። ከሁሉ የከበደው ግን ፊደሉ ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. ገብቷል፤ ኮምፒውተሩ መጻፉን ይጽፋል። ኮምፒውተር ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሯችን አንድ መሆናቸውን አያውቅም። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለእሱ የተለያዩ ናቸው። ፀሐይ የሚለውን ስም ብቻ ውሰዱ፦ በሁለት ጸ እና በሦስት ሀ ቢያንስ ስድስት ዓይነት ይጻፋል። ጠዋት አንዷ ሠራተኛ በፀሐዩ ፀ ያስገባችውን፣ ከሰዓት ሌላዋ በጸሎቱ ጸ ትፈልገዋለች። "የለም" ይላታል። አዲስ ካርድ ይወጣል። አንድ ሰው ሦስት ካርድ፣ ሦስት የተቆራረጠ የሕክምና ታሪክ ይኖረዋል። በአንደኛው ላይ የተጻፈ የመድኃኒት አለርጂ በሌላው ላይ የለም። ይህን ያየን ቀን ሁላችንም ዝም ብለን ነው ወደ ቢሮ የወረድነው።

ሥራው ተጀመረ። የተጻፈው ስም እንዳለ ይቀመጣል፣ ማንም ሰው ስሙ አይቀየርበትም፤ ፍለጋው ግን ከጀርባ ሞክሼዎቹን ሁሉ ወደ አንድ እያመጣ ነው። ማንም የማያየው ሥራ ነው። ከልጆቹ አንዱ "ይህ ለሽያጭ አይታይም እኮ" ብሎኝ ነበር። የዚያን ጊዜ ስለ ፈታኙና ስለ መሳቢያው ጀርባ ነገርኩት። ተናዶብኝ ነበር መሰለኝ፤ በሳምንቱ ግን እኔ ያላሰብኩትን "ኃ" እና "ኀ"ን፣ "ሃ" እና "ሀ"ን ራሱ ጨምሮ አመጣልኝ። "ከእንጨት መርጦ ለታቦት፣ ከሰው መርጦ ለሹመት" ይባል የለ፤ ዛሬ የቡድኑ መሪ እሱ ነው።

ሌላው ከእንጨት የወሰድነው መላወሻ መተው ነው። ጣውላ በርዝመቱ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ በወርዱ ግን ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። ስለዚህ የበር ሰሌዳ ቦዩ ውስጥ በኮላ አይጣበቅም፤ ልቅ ሆኖ ይቀመጣል፣ እንደ ወቅቱ እንዲተነፍስ። ያጣበቀው አናጢ በሩን ይሰነጥቀዋል። እኛም መብራትና ኔትወርክ ሁልጊዜ አለ ብለን አጣብቀን ነበር የሠራነው፤ መስመር በጠፋ ቁጥር የካርድ ክፍሉ ይቆማል። አሁን የክሊኒኩ ኮምፒውተር ሁሉን እዚያው ይይዛል፤ መስመር ሲመለስ ይልካል። መብራት መጥፋቱ እንደ ሐምሌ ዝናብ ነው፤ መምጣቱ ስለማይቀር ቦታ ይተውለታል።

በ2016 ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ቤታችንም አብሮ ሄደ። እህቴ ከዕቃው ሁሉ አስቀድማ ያወጣችው የአባዬን የመሣሪያ ሣጥን ነው። መላጊያው አሁን ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ አለ። እጀታው አባቴ አውራ ጣቱን ያሳርፍበት በነበረው በኩል ጎድጉዷል፤ የእኔ ጣት አይሞላውም። አልፎ አልፎ ምላጩን እስለዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ያው ፒያሳ ያለው ክሊኒክ ሄጄ ነበር፤ ከአራት ወር በኋላ መልሰው ተቀብለውናል። የካርድ ክፍሉ ጥግ ቆምኩ። መብራት ጠፋ። ሠራተኛዋ ቀና እንኳ አላለችም፤ ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ። መስኮቱ ላይ የቆሙት ሴትዮ ስማቸውን ነገሯት። በጸሎቱ ጸ እና በሃሌታው ሀ "ጸሀይ" ብላ ጻፈች፤ በንጉሡ ጊዜ ይመስል በጥንቃቄ የተጻፈ "ፀሐይ" የሚል ካርድ ወጣ። "ቀጠሮዎ ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው አይደል እማማ? ደርሰዋል፣ ይግቡ" አለቻቸውና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች።

"ተረኛ!"