ከሠርጉ በፊት የሞተው መስፍን

አንድ የቅርስ ዐውደ ርእይ አዘጋጅ ክፍል የጣሊያኗን ከተማ ፍሎረንስን የገዛውን የሜዲቺን ቤተሰብ የዘር ሐረግ በትልቅ ሰሌዳ ላይ ለማውጣት እየሠራ ነበር። ሐረጉ የሚጀምረው የቤቱን ባንክ ካቋቋመው ከጆቫኒ ዲ ቢቺ ሲሆን የሚያበቃው በ1743 በሞተችው በአና ማሪያ ሉዊዛ ነው። ሥራው ለሁለት ሰዎች ተከፍሏል። አንዷ ባልደረባ የሰነድ ቅጂዎችን እያነበበች የልደት፣ የጋብቻና የሞት ቀኖችን ወደ ሠንጠረዥ ታስገባለች፤ ሌላው ሠንጠረዡን ተቀብሎ በዘር ሐረግ ፕሮግራም ሥዕሉን ያወጣል። ሰሌዳው ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል ፕሮግራሙ በአሌሳንድሮ ደ ሜዲቺ ስም ላይ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ሰውየው የሞተው ከማግባቱ በፊት ነው ይላል።

እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ የአውሮፓውያን ናቸው። ወሮቹም ከእኛዎቹ ጋር እንዳይምታቱ በእነርሱው ስም ተጠርተዋል።

አሌሳንድሮ በ1532 የፍሎረንስ መስፍን ሆነ። የንጉሠ ነገሥት ካርል 5ኛን ልጅ ማርጋሪታን ያገባው ጁን 13 ቀን 1536 ነው። የሥጋ ዘመዱ ሎሬንዚኖ በሌሊት የገደለው ደግሞ፣ በሠንጠረዡ መሠረት፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1536። ሁለቱም ቀኖች ከታመነ ሰነድ የተገለበጡ ናቸው፤ በንባብም በትየባም ስህተት አልተገኘም።

ሥዕሉን የሚያወጣው ባልደረባ የጋብቻውን ዓመት 1535 አደረገው። ምክንያትም ነበረው፤ የታወቀ ሰው ግድያ ከሠርግ ይልቅ በጥንቃቄ ይመዘገባል ብሎ አሰበ። ፕሮግራሙ ዝም አለ። የዚህ ዓይነቱ ጥገና ከመጀመሪያው ስህተት የከፋ ነው፤ ትክክለኛውን ቀን አጥፍቶ የተሳሳተውን አስቀርቷል፣ ማስጠንቀቂያውንም አብሮ አጥፍቷል። ለነገሩ 1535 ሊሆን እንደማይችል ከሠንጠረዡ ውጭ በቀላሉ ይታያል። በዚያ ዓመት ካርል 5ኛ ቱኒስ ዘምቶ ነበር፤ ከዘመቻው ሲመለስ ፍሎረንስ የገባው በኤፕሪል 1536 መጨረሻ ነው፤ ሠርጉም ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩ የተጋለጠው በሌላ መስመር ላይ ነው። የሮማው ጳጳስ ፒየስ 5ኛ ኮዚሞ 1ኛን፣ ከአሌሳንድሮ ቀጥሎ ፍሎረንስን የገዛውን፣ የቶስካና (ፍሎረንስ ያለችበት አገር) ታላቅ መስፍን ያደረገበት ደብዳቤ ኦገስት 27 ቀን 1569 የተጻፈ ነው። ዘውዱ የተጫነለት ግን በሠንጠረዡ ላይ ማርች 1569 ተብሏል፤ ማዕረጉ ከመሰጠቱ አምስት ወር በፊት ማለት ነው። ይህን ፕሮግራሙ አላየውም፤ እንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን እንጂ ሹመትን አያመሳክርም። ሠንጠረዡን የሞላችው ባልደረባ ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን ስታያቸው የጋራ ነገራቸው ተገለጠላት፤ የተጣመሙት ቀኖች ሁለቱም ከጃንዋሪ መባቻ እስከ ማርች ማብቂያ ባለው ጊዜ ውስጥ ናቸው።

የፍሎረንስ ሰዎች አዲሱን ዓመት ጃንዋሪ 1 ላይ አይጀምሩም ነበር። ዓመቱን የሚቆጥሩት ጌታ ከተፀነሰበት ቀን ነው፤ ስለዚህ የዓመቱ ቁጥር የሚለወጠው በብሥራት በዓል፣ ማርች 25 ላይ ነው። በዚያ ዘመን በነበረው የዩልዮስ አቆጣጠር ማርች 25 ከእኛ መጋቢት 29 ጋር አንድ ቀን ነው፤ እኛም በዓለ ጽንሰቱን የምናስበው በዚያው ዕለት ነው። በእነርሱ ዘንድ ዲሴምበር 31 ቀን 1536 ካለፈ በኋላ የሚመጣው ጃንዋሪ 1 ቀን 1536 ነው፤ 1537 የሚገባው ማርች 25 ነው። ስለዚህ አሌሳንድሮ በጁን ተሞሽሮ በተከታዩ ጃንዋሪ ተገደለ፤ በዛሬው አቆጣጠር 1537። የኮዚሞ ዘውድም ማርች 1570 ነው።

ይህ ቀን የሐረጉ መገጣጠሚያ ስለሆነ ስህተቱ ተራ የቁጥር ጉዳይ አይደለም። የቤቱ ዋና ቅርንጫፍ፣ የጆቫኒ ዲ ቢቺ ልጅ የሆነው የሽማግሌው ኮዚሞ ዘር፣ ሥልጣኑን ያጣው በአሌሳንድሮ ሞት ነው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጃንዋሪ 9፣ የተመረጠው የ17 ዓመቱ ኮዚሞ 1ኛ በአባቱ በኩል ከሽማግሌው ኮዚሞ ወንድም ከሎሬንዞ ይወርዳል፤ በእናቱ በማሪያ ሳልቪያቲ በኩል ደግሞ የግርማዊው ሎሬንዞ የልጅ ልጅ ልጅ ነው። በሰሌዳው ላይ መስመሩ ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው የሚዘለው እዚያ ላይ ነው። የአሌሳንድሮ አባትነት ራሱ አከራካሪ ነው፤ በይፋ የኡርቢኖው መስፍን የሎሬንዞ ልጅ ሲባል፣ የጳጳሱ የክሌመንት 7ኛ ልጅ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ሙሉ መስመር መሳል አይገባም። የተቆራረጠ መስመር ይሳላል፣ ሁለቱም አባቶች ይጻፋሉ።

ምክንያቱ ሲታወቅ ሁለተኛው ስህተት ተከተለ። ባልደረባው «ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 24 ላለ ቀን ሁሉ አንድ ዓመት ጨምር» የሚል ትእዛዝ ለሠንጠረዡ በሙሉ ሰጠ። ደንቡ ትክክል ነው፤ ሠንጠረዡ ግን ንጹሕ አልነበረም። ግማሹ ቀን ከሰነድ፣ ግማሹ ዘመናውያን ካሳተሟቸው መጻሕፍት የተወሰደ ነው፤ መጻሕፍቱ ደግሞ ቀድመው ቀይረውታል። ስለዚህ ጃንዋሪ 1 ቀን 1449 የተወለደው ግርማዊው ሎሬንዞ ወደ 1450 ተገፋ። ማርች 17 ቀን 1516 የሞተው የኔሙር መስፍን ጁሊያኖ በ1517 ሞተ ተባለ። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1743 ያረፈችው አና ማሪያ ሉዊዛ 1744 ውስጥ ገባች። የእርሷ ስህተት ከሁሉ የሚያሰጋው ነው፤ ልጅ ስላልወለደች፣ ከእርሷ በኋላም የቤቱ ሰው ስለሌለ፣ የሚጋጭ ቀን አይመጣም፤ ፕሮግራሙ ለዘላለም ዝም ይላል። ሰነዶቹ ላይ ሞቷ 1742 ተብሎ ሊገኝ ይችላል፣ መጻሕፍቱ 1743 ይላሉ፤ በዚያ ላይ 1744 የሚል ሰሌዳ ቢጨመር ጎብኚው የቱን ይመን?

ሠንጠረዡ ከባዶ ተሠራ። ቀን የሚለው አንድ ዓምድ ቀርቶ አምስት ዓምድ ወጣ፤ ቀኑ በሰነዱ ላይ እንደተጻፈ ፊደል በፊደል፣ ሰነዱ የተጻፈበት ከተማ፣ የዚያ ከተማ አቆጣጠር፣ የተቀየረው ቀን፣ እና ቀኑ ከዋናው ሰነድ ነው ወይስ ከመጽሐፍ የሚለው። የመጀመሪያው ዓምድ ከተሞላ በኋላ ማንም አይነካውም። የተቀየረው ዓምድ ውስጥ አሻሚ ቀኖች 1536/37 ተብለው በጥምር ይጻፋሉ፤ የመጀመሪያው ቁጥር የሰነዱ፣ ሁለተኛው የዛሬው ነው። ጥምር ቁጥር ያየ ሰው ቀኑ አንዴ እንደተቀየረ ስለሚያውቅ ደግሞ አይቀይረውም።

የከተማው ዓምድ ለጌጥ አይደለም። ፒዛም ዓመቷን ማርች 25 ትጀምር ነበር፣ ግን ከፍሎረንስ አንድ ሙሉ ዓመት ቀድማ ነው፤ ስለዚህ የፒዛ ቀን ከማርች 25 እስከ ዲሴምበር 31 ከሆነ አንድ ዓመት ይቀነሳል፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 24 ከሆነ እንዳለ ይተዋል። ቬኒስ ዓመቷን ማርች 1 ላይ ትጀምር ነበር፤ አንድ የሚጨመረው በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ብቻ ነው። በሮም ብዙ ውሎች ከገና ሲቆጥሩ የጳጳሳቱ ታላላቅ ደብዳቤዎች ደግሞ ለረጅም ዘመን ከፅንሰት ይቆጥሩ ነበር። ጆቫኒ ደ ሜዲቺ፣ ሊዮ 10ኛ ተብሎ፣ ማርች 11 ቀን 1513 ሮም ላይ ሲመረጥ ዜናው ፍሎረንስ የደረሰው ገና 1512 ሳያልቅ ነው። አንድ ቤተሰብ በሁለት ከተማ ልጆች ካሉት ወንድማማቾቹ በሁለት ዓይነት ዓመት ተመዝግበው ይገኛሉ። ለዐውደ ርእዩ የቀረበ አንድ ሥዕልም በዚሁ ዓምድ ውስጥ የራሱን መለያ አግኝቷል። ኮዚሞ 1ኛ ከ1552 ጀምሮ ሠዓሊውን ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞን ወደ ኮሞ ከተማ ልኮ የታሪክ ጸሐፊውን የፓውሎ ጆቪዮን የታዋቂ ሰዎች ሥዕሎች ሲያስቀዳ፣ ከተቀዱት መካከል የዐፄ ልብነ ድንግል ምስል ይገኝበታል፤ ዛሬም ፍሎረንስ በሚገኘው በኡፊዚ ሙዚየም ውስጥ ነው። የንጉሡ ቀኖች ከኢትዮጵያ ዜና መዋዕል ስለሚመጡ የፍሎረንስ ደንብ አይነካቸውም፤ በባሕረ ሐሳብ ብቻ ነው የሚመለሱት።

ቅያሪው ትክክል መሆኑን ማረጋገጫው ከሰነዱ ውስጥ ነው የሚወጣው። የውል አዋዋዮች ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ኢንዲክሽን የሚባለውን፣ ከ1 እስከ 15 እየተሽከረከረ የሚቆጠረውን የዓመት ቁጥር ይይዛል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በዛሬው ዓመት ላይ 3 ጨምሮ ለ15 ማካፈል፣ የሚተርፈው ቁጥሩ ነው፣ ምንም ካልተረፈ 15 ነው። ለ1536 የሚተርፈው 9፣ ለ1537 ደግሞ 10 ነው። የፍሎረንስ አዋዋዮች ይህን ቁጥር የሚለውጡት ሴፕቴምበር 24 ላይ ስለሆነ በጃንዋሪ አይናወጥም። «ጃንዋሪ 9 ቀን 1536፣ ኢንዲክሽን 10» የሚል ውል ቢገኝ ዓመቱ 1537 እንደሆነ ያለጥርጥር ይታወቃል። ኢንዲክሽን ከሌለ የሳምንቱ ቀን ይፈለጋል፤ ጃንዋሪ 6 በ1536 ሐሙስ፣ በ1537 ቅዳሜ ይውላል። እዚህ ላይ የሚያሰናክለው ፕሮግራሙ የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ወደ ኋላ ስቦ ሲቆጥር ነው። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከገባበት ከኦክቶበር 1582 በፊት ያለ ቀን በዩልዮስ አቆጣጠር መቆጠር አለበት፤ አለበለዚያ የሳምንቱ ቀን ሁሉ ይዛባል።

የሌሊት ድርጊት ከሆነ አንድ ቀን ደግሞ ሊዛነፍ ይችላል። ጣሊያኖች ሰዓትን የሚቆጥሩት ፀሐይ ከጠለቀች ጀምሮ ስለነበር «የሌሊቱ 2 ሰዓት» የሚለው ጽሑፍ ከእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጋር ይቀራረባል፤ የዛሬው ጣሊያናዊ አንባቢ ግን ሳያስበው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን 2 ሰዓት አድርጎ ወደ ማግሥቱ ይወስደዋል።

ማርች 25 ራሱ የአዲሱ ዓመት ነው፤ አይጨመርበትም። የኮዚሞ ልጅ ፍራንቼስኮ 1ኛ የተወለደው ማርች 25 ቀን 1541 በመሆኑ ትእዛዙ «እስከ 24» በማለት ፈንታ «እስከ 25» ቢል ኖሮ ሳያስፈልገው አንድ ዓመት ይጨመርለት ነበር። የድሮ ሰዎች ራሳቸው አደናጋሪነቱን ያውቁ ነበር። የሚኬላንጄሎ አባት የልጁን ልደት ሲመዘግብ ማርች 6 ቀን 1474 ብሎ፣ ይህ በፍሎረንስ አቆጣጠር ነው፣ በሮም 1475 ነው ሲል ጨምሮ ጽፏል። ከዚህ የተሻለ የአመዘጋገብ ምሳሌ አላየንም።

በሌሎች የቶስካና ባላባት ቤተሰቦች ላይ ለሚሠራ ሰው ከሜዲቺም የባሰ ወጥመድ አለ። ከሜዲቺዎች በኋላ የቶስካና ታላቅ መስፍን የሆነው ፍራንቼስኮ ስቴፋኖ የዓመቱን መጀመሪያ ወደ ጃንዋሪ 1 ያዛወረው ሕግ የወጣው በኖቬምበር 1749 ነው፤ ስለዚህ የፍሎረንስ 1749 የቆየው ከማርች 25 እስከ ዲሴምበር 31 ብቻ ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በጁላይ 1750፣ ባላባትነትን የሚደነግገው ሕግ ወጣ፤ ቤተሰቦችም የዘር ሐረጋቸውን በማስረጃ አስደግፈው እንዲያቀርቡ ተጠየቁ። ያኔ የተዘጋጁት ሐረጎች የብዙ ቤቶች መነሻ ሰነድ ሆነው ቀርተዋል። የተጻፉት ግን አቆጣጠሩ በተለወጠ ማግሥት ነው፤ ጸሐፊው የአያቱን ልደት ቀይሮ የአባቱን እንዳለ ትቶት ሊሆን ይችላል፣ በአንዱ ገጽ ላይ ሁለቱም ዓይነት ይገኛሉ። እነዚያን ሐረጎች ለስምና ለዝምድና መጠቀም ይቻላል፤ ለቀን ግን ወደ ጥምቀት መዝገብ መሄድ ይገባል። የፍሎረንስ ልጆች የሚጠመቁት በቅዱስ ዮሐንስ መጠመቂያ ስለነበር መዝገቡ ከ1450 ጀምሮ በአንድ ቦታ ተከማችቶ ይገኛል። ከዚያ በፊት ቄሱ ለወንድ ጥቁር፣ ለሴት ነጭ ባቄላ እየጣለ ቁጥራቸውን ብቻ ነበር የሚይዘው፤ ስም አይገኝም። በቆዩት ገጾች የእናት ስም ብዙ ጊዜ ስለማይጻፍ የሚፈለገው በአባት ስም፣ በአያት ስምና በሰበካ ነው። ከዲሴምበር ቀጥሎ ያለው የጃንዋሪ ገጽ ያንኑ የዓመት ቁጥር ይዞ ይቀጥላል፤ የተፈለገው ልጅ በ1537 ፌብሩዋሪ የተወለደ ከሆነ የሚገለጠው የ1536 መዝገብ የመጨረሻው ክፍል ነው።